ያልተመለሰው ደብዳቤና የተመለሰው መጽሐፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ትሕትና ለመነኩሴ እንጂ ለመሪ አይሆንም» የሚል አነጋገር በመካከላችን እየተለመደ መጥቷል። ይህን ከማያምኑ ሰዎች ብንሰማው ኖሮ ባልተደነቅን ነበር። ዳሩ ግን የሚናገሩት ማዕተብ ያሰሩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ የሚወጡ፣ ከእኛው ጋር አብረው የሚዘምሩ ወጣቶች ናቸው። የሀገር መሪ በባዕድ ሀገር ለተቀበለው ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሣ፣ ለአረጋዊ ወንበሩን ሲለቅ፣ ለስድብ ስድብ ሳይመልስ ሲቀር በስልካቸው ያዩ እንደ ሆነ «አዋረደን!» ይላሉ። እዚህ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የታወቀ ነው፤ «መይሳው ቢሆን ኖሮ!»

መልካም፤ እንግዲያስ መይሳውን እንጠይቃቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶርያ ደብዳቤ ጻፉ። ከነገሡ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል፤ በየአውራጃው የነበሩትን መሳፍንት አንድ በአንድ አንበርክከዋል፤ የሚፈሩ እንጂ የሚፈሩት የሌላቸው ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። ደብዳቤው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ይጀምራል። ቀጥሎም አባቶቻቸው ነገሥታት ፈጣሪያቸውን ስለ ረሱ መንግሥታቸው በሌሎች እጅ እንደ ወደቀ፣ እርሳቸውን ግን እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ በአባቶቻቸው ዙፋን እንዳስቀመጣቸው ይናገራል። ልብ በሉ፤ አይታው ለማታውቅ የባዕድ ሀገር ንግሥት የአባቶቹን ጥፋት ገልጦ፣ ራሱን «ከትቢያ የተነሣሁ» ብሎ የሚጽፍ ንጉሥ ነው ይህ። ከዚያም ወዳጆቻቸው ፕላውዴንና ጆን ቤል ክርስቲያኖችን የምትወድ ታላቅ ንግሥት እንዳለች ነግረዋቸው እንደ ነበር ያስታውሳሉ፤ መልእክተኛና እጅ መንሻ ለመላክ ቢፈልጉም የባሕሩን በር ቱርኮች ስለ ያዙባቸው፣ መልእክተኞቻቸው በደኅና የሚያልፉበትን መንገድ እንድታመቻችላቸው ይለምናሉ። በእርግጥ ከቱርኮች ጋር እንደሚታገሉም ጽፈዋል፤ ቴዎድሮስ ናቸውና ፉከራ ፈጽሞ አይጠፋም። የደብዳቤው መንፈስ ግን የፉከራ አይደለም። የዘመኑ ወጣት ቢያነበው «እንዴት እንዲህ ዝቅ ይላሉ?» ሊል ይችላል።

ይህ ደብዳቤ በ1855 ዓ.ም. ለንደን ደረሰ። በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሰነድ መካከል ተቀመጠ። መልስ አልተጻፈለትም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። በዚያች ቀን ማን ተዋረደ? አክብሮ የጻፈው ነውን? ወይስ ለአክብሮት መልስ መስጠት ያቃተው? በሀገራችን ሽማግሌ ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ ተነሥቶ «ኖር!» ይላል፤ የገባውም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጠዋል። «ኖር» የተባለ ሰው ዝም ብሎ ቢያልፍ ነውሩ በተነሡት ላይ አይቆጠርም፤ «ያላደገበት» የሚባለው ያለፈው ሰው ነው። እስከ 1856 ዓ.ም. ድረስ የደብረ ታቦሩ ቤተ መንግሥት የተነሣው፣ የለንደኑ ቤተ መንግሥት ደግሞ ዝም ብሎ ያለፈው ነበር። ነውሩ በሙሉ የለንደን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው ቢጸኑ ኖሮ እስከ ዛሬም የለንደን ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

አልጸኑም። በ1856 ዓ.ም. ደብዳቤውን የተቀበለውን ቆንስል ካሜሮንን በሰንሰለት አሰሩ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ታሰሩ። በዚህ ጊዜ ለንደን ነቃች። የንግሥቲቱን መልስ የያዘው መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከብዙ መጉላላት በኋላ በጥር 1858 ዓ.ም. ንጉሡ ፊት ደረሰ። በመልካም ተቀበሉት፤ እስረኞቹንም ፈቱለት፤ ጣና ዳር እዚሁ አጠገባችን ቆራጣ ላይ ከእርሱ ጋር ተገናኙ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ የዕርቅ ታሪክ ይሆን ነበር። ነገር ግን በሚያዝያ ወር ሊሄዱ ሲሉ ራሳምንም ጨምረው ያዟቸው፤ ኋላም ወደ መቅደላ ሰደዷቸው። ከከተማችን እምብዛም በማትርቀው በጋፋት ደግሞ ለስብከትና ለእጅ ሥራ የመጡት አውሮፓውያን መድፍ እንዲያፈሱ ተደረገ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ያንን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ወጡ። እኛ የዚያች የተቃጠለች ከተማ ልጆች ነን፤ ስለ መይሳው ስንፎክር ይህንንም አብረን እናስታውስ።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ ያውቀዋል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 10 የአሞን ንጉሥ ሲሞት ቅዱስ ዳዊት ልጁን ሐኖንን የሚያጽናኑ መልእክተኞች ላከ። የሐኖን አማካሪዎች ግን «ለስለላ ነው የላካቸው» አሉት፤ የመልእክተኞቹን ጢም እኩሌታውን አስላጨ፤ ልብሳቸውን እስከ ወገባቸው ቆርጦ ሰደዳቸው። ዳዊት ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ያደረገው ምን ነበር? ሠራዊት አላሰለፈም። ያፈሩትን ሰዎች የሚቀበል ሰው ልኮ ጢማቸው እስኪያድግ በኢያሪኮ እንዲቀመጡ አደረገ፤ ስለ ልጆቹ ሐፍረት ተጨነቀ። ጦር ገዝተው የወጡት አሞናውያን ነበሩ፤ በደለኛ መሆናቸውን ራሳቸው ዐውቀው ነበርና። ዳዊት የተዋጋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ተዋግቶም አሸነፈ። እንግዲህ ትሕትና ማለት ሰይፍ አለመያዝ አይደለም። ዳዊት ከሐኖን አማካሪዎች አንዱን ይዞ ጢሙን ላጭቶ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ምዕራፍ ስለ ሐኖን ነውር አይናገርም ነበር፤ ስለ ሁለት ነውረኞች ይናገር ነበር።

መቅደላ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። 13,000 ገደማ የሚሆኑ የእንግሊዝና የሕንድ ወታደሮች በጄኔራል ናፒየር እየተመሩ መጡ። በስቅለት ዓርብ በእሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ። በትንሣኤ ዕለት ሚያዝያ 5 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ቀኑ ፋሲካ ነውና ሠራዊቱ እንዲፈስክበት ብለው ለናፒየር የከብት መንጋ ላኩ፤ እስረኞቹንም ለቀቁ። ይህ የቀድሞው የደብዳቤው ሰው ነው፤ በመጨረሻው ሰዓት ተመልሶ የመጣው። ናፒየር ከብቱን አልተቀበለም። በማግስቱ ንጉሡ ቀድሞ ንግሥት ቪክቶርያ ለፕላውዴን ስላደረጉት ደግነት አመሰግናለሁ ብላ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ከዚያም ዘረፋው መጣ፤ መጻሕፍቱ፣ ጽላቱ፣ ዘውዱ፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወረደ።

«ታዲያ እንግሊዞችን ልትከራከርላቸው ነውን?» የሚል ይኖራል። በፍጹም! ደብዳቤን ያለ መልስ ማስቀረት ንቀት ነበር፤ የፋሲካን ስጦታ መመለስ ልበ ደንዳናነት ነበር፤ ከቤተ መቅደስ ጽላት መዝረፍ ደግሞ ስርቆት ብቻ ሳይሆን ድፍረት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ነውር የእነርሱ ሆኖ ሳለ፣ እስከ ዛሬ «እስረኞቻችንን ልናስፈታ ሄድን» ብለው የሚጽፉበትን ምክንያት የሰጠናቸው እኛ ነን። በሰንሰለቱ የታሰረው ካሜሮን ብቻ አልነበረም፤ የእኛም እውነት አብሮ ታሰረ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ንጉሥ እንለፍ፤ እርሳቸውም በዚችው በደብረ ታቦር ይከርሙ የነበሩ ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከነገሡ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፣ ወደ ለንደን ጻፉ። የለመኑት ከመቅደላ የተወሰዱ ሁለት ነገሮችን ነው። አንደኛው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕል፣ ሁለተኛው ክብረ ነገሥት። ስለ መጽሐፉ ሲጽፉም ያለ እርሱ ሕዝባቸው ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል አልሸሸጉም። አስቡት፤ አዲስ የነገሠ ንጉሥ «መጽሐፉ ከሌለኝ ሕዝቤ አይታዘዘኝም» ብሎ ለባዕድ መንግሥት ይጽፋል። በዛሬው ሚዛን ይህ «ድክመትን አሳልፎ መስጠት» ይባላል። ለንደን ግን በዚህ ጊዜ ፈለገች፤ በሙዚየሙ የነበረው የክብረ ነገሥት ቅጅ በዚያው የፈረንጆች ዓመት ሳያልቅ ተመለሰ። ሥዕሉ አልተመለሰም። በናፒየር ጦር ውስጥ ለሙዚየሙ ዕቃ ይሰበስብ የነበረው ሰው ለራሱ አስቀርቶት ነበር፤ ይህ የማን ነውር እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

«ዮሐንስ ለናፒየር መንገድ ስለ ሰጡ ነው መጽሐፉ የተመለሰላቸው» ይባል ይሆናል። ውለታው እንዳገዘ አልክድም። ነገር ግን ያው ውለታ ከክሕደት አላዳናቸውም፤ በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ ከአድሚራል ሂዌት ጋር ውል ተዋውለው ሳለ፣ በዓመቱ እንግሊዞች ጣልያን ምጽዋን ሲይዝ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ታዲያ ዐፄ ዮሐንስ ምን አደረጉ? በ1880 ዓ.ም. ጄራልድ ፖርታል የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከጣልያን ጋር ሊያስታርቅ መጥቶ፣ ለጣልያን እንዲለቅቁ የሚጠይቅ ነገር ይዞ ቀረበ። ከንጉሡ አንድ ስንዝር መሬት አላገኘም። በሰንሰለትም አልታሰረም፤ መልሳቸውን ይዞ በደኅና ወደ ሀገሩ ገባ። እምቢታው ጽኑ፣ አያያዙ ጨዋ። «ትሑት መሪ ሀገር ይሸጣል» ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የሆነውንም በአጭሩ ልጥቀስ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሊናገሩ ሲቆሙ የጣልያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨትና በጩኸት አወኳቸው። ንጉሡ ጩኸቱ እስኪበርድ ዝም ብለው ቆሙ፤ አልተሳደቡም። ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ማኅበሩ በቀጣዩ ወር በጣልያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ፤ ያን ቀን በትሕትና የተገኘ ትርፍ አልነበረም። ነገር ግን ዛሬ ያንን ምስል የሚያይ ማንም ሰው የሚያፍረው ስለ ፉጨቱ ነው።

ከወጣቶቻችን አንዱ ደግሞ መንፈሳዊ የሚመስል መከራከሪያ ያነሣል፤ «ክርስቲያን ለእግዚአብሔር ብቻ ነው የሚሰግደው፤ ለባዕድ መሪ ጎንበስ ማለት ኃጢአት ነው» ይላል። ይህ የአምልኮ ስግደትንና የአክብሮት ስግደትን ካለመለየት የመጣ ነው። የሃይማኖት አባት የሆነው አብርሃም ሚስቱን ሣራን የሚቀብርበት ቦታ ሲፈልግ በኬጢ ልጆች ፊት ተነሥቶ ሰገደ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ (ዘፍ. 23)። ያን ጊዜ አብርሃም ድኃ አልነበረም፤ ራሳቸው ኬጢያውያን በመካከላቸው እንዳለ ታላቅ አለቃ ያከብሩት ነበር።

የዚሁ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ሌሎችን ይገሥጻል። ኤፍሮን ዋሻውን «በነጻ ውሰድ» ቢለው አብርሃም እምቢ አለ፤ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። ጎንበስ ያለው ያው ሰው ዋጋውን በሙሉ ከፍሎ ነው የሄደው። እንግዲህ ልመናን ትሕትና ብለው የሚጠሩ፣ ለእርዳታና ለብድር ሲሉ በባለጠጋ መንግሥታት ደጅ የሚልመጠመጡ ሹማምንት አብርሃምን ምስክር ማድረግ አይችሉም። ትሑት ሰው የሌላውን ክብር ይሰጣል፤ የሀገሩን ክብር ግን አይሸጥም። ልዩነቱም በጎንበስታው ጥልቀት አይታወቅም፤ ቀና ካለ በኋላ በሚፈርመው ወረቀት ይታወቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሰጋኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ በውጭ ሀገር ትሑት፣ በሀገር ውስጥ ቁጡ የሆነ መሪ። በአውሮፕላን ማረፊያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሲመለስ ለገዛ ሽማግሌዎቹ ቃል የለውም። ይህ የአንድ ዘመን በሽታ አይደለም። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም አቤቱታ ይዘው ለመጡ ለገዛ ወገኖቹ ከአባቱ ይልቅ የከፋ ቀንበር እንደሚጭንባቸው በጭካኔ መልሶ ዐሥሩን ነገድ በአንድ ቀን አጣ (1ነገ. 12)። ዐፄ ቴዎድሮስም ለቪክቶርያ ያንን ለስላሳ ደብዳቤ ከመጻፋቸው በፊት፣ የእስክንድርያውን ፓትርያርክ ቄርሎስን፣ ለመልእክት ደክመው የመጡትን አባት፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር በግዞት አቆይተው ነበር። አቡነ ሰላማም ኋላ በመቅደላ እስር ላይ ሳሉ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ። በ1859 ዓ.ም. የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተዘርፈው ተቃጥለዋል። የገዛ ጳጳሱን ያሰረ እጅ ቆንስሉን ለማሰር ምን ያግደዋል? ካሜሮንን ያሰረው ሰንሰለት ለንደን አልተሠራም፤ አስቀድሞ እቤት ውስጥ ተለምዶ ነበር።

ከተማችን ስሟን ያገኘችው ጌታችን ክብሩን ከገለጠበት ተራራ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ጅራፍ ስናጮህና ችቦ ስናበራ የምናስበው የብርሃኑን ነገር ነው፤ ደግ ነው። ነገር ግን ወንጌሉን እስከ ታች አንብቡት (ማቴ. 17)። ጴጥሮስ በዚያ ዳስ ሠርተው እንዲቀመጡ ወደደ፤ ጌታ ግን ወረደ። ከተራራው ሥር የጠበቀው ልጁ የታመመበት አንድ አባት ነበር። ሙሴና ኤልያስ የተነጋገሩት፣ አብ ከሰማይ የመሰከረለት ጌታ የዚያን አባት ልመና ቆሞ ሰማ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ (ምዕ. 2) ይህን የጌታን ራስን ዝቅ ማድረግ እንድናስበው ያዘዘው መነኮሳትን ለይቶ አይደለም። «ለመሪ አይሆንም» የሚል ሰው ለንጉሠ ነገሥታት የሆነውን ለሹም አይሆንም ማለቱ ነው።

እናንተስ? የሌላ ሀገር መሪን በእንስሳ ስም ጠርታችሁ በቴሌግራም ስትቀባበሉት፣ የሱዳኑን፣ የግብፁን፣ የኤርትራውን ሰው በእናቱ ስትሰድቡት «ለሀገሬ ተቆርቁሬ ነው» ትላላችሁ። በቅዳሴ ስለ ነገሥታትና ስለ ሹማምንት፣ ስለ ዓለሙም ሁሉ ሰላም ዲያቆኑ ጸሎት ሲያዝዝ «አቤቱ ይቅር በለን» ያላችሁበት አፍ ገና አልደረቀም። መሪዎች ከሰማይ አይወርዱም፤ ከእንዲህ ያለ ጨዋታ መካከል አድገው ነው ወንበር ላይ የሚወጡት።

ይህም የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም፤ የመቅደላው ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰዱ 11 ጽላት አሉ፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ እንዳያዩአቸው ተሸፍነው ተቀምጠዋል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ በባዕድ ሀገር ዐርፎ አፅሙ በዊንዘር ነው፤ በ2015 ዓ.ም. አፅሙ እንዲመለስ ለቀረበው ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ እምቢታ ነበር። እንደገና መጠየቅ አለበት፤ አሥር ጊዜም ቢሆን፣ አጥብቆና ያለ መታከት። ጥያቄው ግን የሚጻፍበት ቃል አለ፤ ያንንም ቃል ከጥቅምት 1855ቱና ከነሐሴ 1864ቱ ደብዳቤዎች መማር ይቻላል።

በ1994 ዓ.ም. በኤድንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ከመቅደላ የሄደ ጽላት ተገኘ። ያገኘው የዚያው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር፤ ምን እንደ ሆነ ሲያውቅ እንዲመለስ አደረገ። ጽላቱ አዲስ አበባ ሲገባ ካህናቱ በማኅሌት፣ ምእመናኑም በሺህ ተቆጥረው በእልልታ ተቀበሉት፤ ይዘው የመጡትንም እንግዶች በክብር አስተናገዱ።

ይቆየን።